ሳሙናችሁ ለምን አልረጋም? በቤት ውስጥ ሳሙና ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ አንድ ሳፋ ተሸክማ መጣች። ከላይ ዘይት ተንሳፏል። ከታች ነጭ ውሃ ተኝቷል። «እትዬ፣ ሳሙና ነበር» አለችኝ። በምን እንደለካች ጠየቅኳት። «በሲኒ» አለች። ኮስቲክ፣ ማለትም ዘይትን ሳሙና የሚያደርገው ኮስቲክ ሶዳ፣ ሁለት ሲኒ፤ ዘይት ስድስት ሲኒ። ዘይቱም የሱፍ ብቻ ነበር። ድስቷም ተበልቶ ጠቁሯል።

እዚህ ሐዋሳ ቤቱ ሳሙና ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ሲያማክረኝ ታሪኩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። አሠራሩን ያውቃል፤ ቪዲዮም አይቷል። የሚጎድለው ልኬት ነው። ሳሙና እንደ ወጥ እየቀመሱ የሚያስተካክሉት ነገር አይደለም። ኮስቲኩ ከበዛ ቆዳ ያቃጥላል። ካነሰ ዘይቱ ዘይት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ሲኒ፣ ብርጭቆና ማንኪያ የሚባል መለኪያ የለም። ሁሉም በግራም ነው፤ ውሃው ሳይቀር።

«ያለ ኮስቲክ አይሠራም ወይ?» ለምትሉኝ፣ የሚጠጥር ሳሙና አይሠራም። ዘይት ሳሙና የሚሆነው ከኮስቲክ ጋር ሲዋሐድ ነው። ልኬቱ ልክ ከሆነ ሳሙናው ሲያልቅለት ኮስቲኩ ተበልቶ ያልቃል። የአመድ ውሃም ሳሙና ይሠራል። ግን ኃይሉ በየጊዜው ይለያያል፤ የሚወጣውም የማይጠጥር ለስላሳ ሳሙና ነው። ለጀማሪ አልመክርም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ያጠፋል። ይህን ክፍል ዘልላችሁ ወደ ልኬቱ አትሂዱ።

የምትሠሩት ግቢ ውስጥ ወይም መስኮቱ በተከፈተ ቤት ነው። ጠዋት ሥሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ የኮስቲኩን ቅንጣት ይበትነዋል። ልጆችም፣ ድመትም፣ «እስቲ ልይ» የሚል እንግዳም አጠገባችሁ አይኑር። ስልካችሁን አስቀምጡ። ረጅም እጅጌ፣ የተሸፈነ ጫማ፣ የጎማ ጓንትና ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽር ልበሱ። የፀሐይ መነጽር አይበቃም፤ ከጎን ይገባል።

በአጠገባችሁ አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ይኑር። ቧንቧ አለኝ ብላችሁ አትተማመኑ። ውሃ የሚጠፋው በዚያች ሰዓት ነው።

ቆዳ ላይ ከነካችሁ፦ የነካውን ልብስ አውልቁ። በብዙ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ታጠቡ። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ አታድርጉበት። አሲድና ኮስቲክ ሲገናኙ ሙቀት ይፈጥራሉ፤ ቃጠሎውን ያብሳሉ።

ዓይን ውስጥ ከገባ፦ የዓይን ቆቡን ገልጣችሁ ወዲያው ማጠብ ጀምሩ። ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ ቀጥታ ሐኪም ቤት። «ቀለል ብሎኛል» ብሎ መቅረት የለም።

ሰው ከዋጠው፦ አታስታውኩት። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጥቡና ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ደረጃ 1፦ ዕቃ

አሉሚኒየም ድስት አውጡና ከሥራው ቦታ አርቁት። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ድስት እሱ ነው፤ ችግሩም እዚያው ነው። ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላል። ሲበላው ሃይድሮጂን የሚባል በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ድስቱ ይጠቁራል፣ ድብልቁ ይፈላል፣ ሳሙናው ይበላሻል። ኒኬል የሚመስል ሁሉ ደግሞ የማይዝግ ብረት አይደለም። ስትገዙ ቀላል ሆኖ ከተሰማችሁ ጠርጥሩ።

የሚያስፈልጋችሁ እነዚህ ናቸው፦

• በ1 ግራም የሚለካ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን
• የማይዝግ ብረት ድስት (ስቴንለስ ስቲል)
• ወፍራም ፕላስቲክ ጆግ፣ ታቹ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ውስጥ 5 ቁጥር ያለበት
• የማይዝግ ብረት ወይም የሲሊኮን ማንኪያ
• የእጅ ብሌንደር (ባይኖርም ይቻላል፤ እመለስበታለሁ)
• ቴርሞሜትር
• ሻጋታ

የውሃ መሸጫውን የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለውን፣ ለኮስቲክ አትጠቀሙበት። ሙቀቱን አይችልም፤ ይጨማደዳል። የመስታወት ዕቃም ተዉት፤ በድንገት ይሰነጠቃል። የእንጨት ማማሰያ ለአንድ ሁለት ጊዜ ያገለግላችኋል፤ ከዚያ ኮስቲኩ እየበላው ስንጥር ሳሙናው ውስጥ ይቀራል።

ቴርሞሜትሩ የሰው ትኩሳት መለኪያ አይሁን። እሱ 42 ዲግሪ አካባቢ ያበቃል። የኩሽና ነው የሚፈለገው። የገዛችሁትን በፈላ ውሃ ከፈተናችሁት 100 አላለም ብላችሁ አትመልሱት። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ላይ ነው።

ለሻጋታ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ወይም በላስቲክ የተሸፈነ የእንጨት ሳጥን ይበቃል። የጁስ ካርቶን ግን ውስጡ ስስ አሉሚኒየም አለው። እኔ አንድ ጊዜ ቆርጬ ተጠቅሜበት ጠርዙ ላይ አረፋ ደፍቆ፣ ሳሙናው ዳር ዳሩን ተፈርፍሮ ወጣልኝ።

ደረጃ 2፦ ኮስቲኩን መግዛት

ሱቅ ሄዳችሁ «ሶዳ» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ቤኪንግ ሶዳ ይሰጧችኋል። ወይም ለልብስ ማጠቢያ የሚሆነውን ሌላ ሶዳ ይመዝኑላችኋል። በሁለቱም ሳሙና አይረጋም። «ኮስቲክ ሶዳ» በሉ። ኬሚካላዊ ስሙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። በነጭ ቅርፊት ወይም በትንንሽ እንክብል መልክ ይመጣል።

ከተከፈተ ከረጢት በላስቲክ የሚሸጠውን ስትገዙ ተጠንቀቁ። ኮስቲክ ከአየር እርጥበት ይስባል። ተያይዞ የተጋገረ፣ ያላበው ወይም ላዩ ዱቄት የለበሰ ከሆነ ኃይሉ ቀንሷል። ደግሞም ለምሳሌ 142 ግራም ብላችሁ ስትመዝኑ ከፊሉ ውሃ ነው። እዚህ ላይ የሚዛኑ ትክክለኛነት አያድናችሁም። የታሸገ ግዙ፤ ሲሆን ንጽሕናው 98 ወይም 99 በመቶ የሚል። የቧንቧ መክፈቻ ተብሎ የሚሸጠውንም ተዉት፤ አንዳንዱ ውስጥ የአሉሚኒየም ስንጥር አለ።

እውነት ኮስቲክ መሆኑን ለማወቅ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ በፕላስቲክ ኩባያ ትንሽ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምሩበትና አማስሉ። ኩባያው ወዲያው በጣም ከሞቀ ኮስቲክ ሳይሆን አይቀርም። ከቀዘቀዘ ወይም ምንም ካልሆነ ሌላ ነገር ነው የሸጡላችሁ።

የተረፈውን ክዳኑ በሚጠብቅ ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጡ። ላዩ ላይ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት። ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። በመጠጥ ጠርሙስ በጭራሽ አይቀመጥ።

ውሃን በተመለከተ አንድ ወጥመድ አለ። የተጣራ ውሃ ፍለጋ መኪና ዕቃ ቤት ገብታችሁ «የባትሪ ውሃ» ካላችሁ አሲዱን ሊሰጧችሁ ይችላሉ። አሲድ ላይ ኮስቲክ ብትጨምሩ ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ወይም ተጣርቶ ፈልቶ የቀዘቀዘ የዝናብ ውሃ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ዘይቱን ምረጡ

ሳሙናችን አልጠጥር አለ የሚሉት አብዛኞቹ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ብቻ የተጠቀሙ ናቸው። ፈሳሽ ዘይት ብቻውን ለስላሳ፣ ቶሎ የሚሟሟ ሳሙና ይሰጣል። የሚጠጥረው በሚረጋ ቅባት ነው። የበሬ ሞራ ያጠጥራል። የኮኮናት ዘይት አረፋ ይሰጣል። ኮኮናቱ ከዘይቱ ሲሶ ካለፈ ግን ቆዳ ያደርቃል።

ለጀማሪ የምሰጠው ልኬት ይኸ ነው፦

• የተነጠረ የበሬ ሞራ 500 ግራም
• የኮኮናት ዘይት 250 ግራም
• የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት 250 ግራም
• ኮስቲክ ሶዳ 142 ግራም
• ውሃ 300 ግራም

ሞራ ለማይፈልግ፦

• የሚረጋ የፓልም ዘይት 400 ግራም
• የኮኮናት ዘይት 300 ግራም
• የሱፍ ዘይት 300 ግራም
• ኮስቲክ ሶዳ 144 ግራም
• ውሃ 300 ግራም

ልትሸጡ ካሰባችሁ ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደገዛችሁ አስታውሱ። «የእስላም ነው የክርስቲያን?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ አይጠፋም።

ሞራውን እንደ ቅቤ ታነጥሩታላችሁ፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ብቻ ይቀራል። ሥጋውንና ደሙን አስወግዱ። አድቅቃችሁ ክተፉት። በድስት ላይ ውሃ እስኪሸፍነው ጨምሩ፤ አንድ ማንኪያ ጨውም አክሉ። በዝግታ እሳት ይቅለጥ። በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። አንድ ሌሊት ይቀዝቅዝ። በማግስቱ ሞራው ከላይ ነጭ ሆኖ ረግቶ ታገኙታላችሁ። አንሡትና ከሥሩ የተለጠፈውን ቡኒ ነገር በቢላ ፋቁ። አሁንም ከሸተታችሁ በአዲስ ውሃና ጨው ድገሙት። ያልተነጠረ ሞራ ያለበት ሳሙና ሲያረጅ ሥጋ ሥጋ ይላል፤ ምንም ሽታ ጨምራችሁ አትደብቁትም። 1 ኪሎ ጥሬ ሞራ ሲነጠር 1 ኪሎ ስለማይሆን ጨመር አድርጋችሁ ግዙ። የምትመዝኑት የተነጠረውን ነው።

ደረጃ 4፦ ዘይት ስትቀይሩ አስሉ

ሰው ልኬት ከያዘ በኋላም የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኮኮናት አጣሁ ብሎ በሱፍ ይተካል፤ ኮስቲኩን ግን እንዳለ ይተወዋል። እያንዳንዱ ዘይት የሚበላው የኮስቲክ መጠን የተለያየ ነው። 1 ግራም ዘይት የሚፈልገው ኮስቲክ በግራም ይኸውላችሁ፦

• የኮኮናት ዘይት 0.183
• የፓልም ዘይት 0.141
• የበሬ ሞራ 0.140
• የሱፍ ዘይት 0.135
• የኑግ ዘይት 0.135
• የወይራ ዘይት 0.134
• የአቮካዶ ዘይት 0.133
• የጉሎ ዘይት 0.128

የመጀመሪያውን ልኬት እንዲህ ነው ያሰላሁት። ሞራ 500 ሲባዛ በ0.140፣ 70 ይሆናል። ኮኮናት 250 ሲባዛ በ0.183፣ 45.75። ሱፍ 250 ሲባዛ በ0.135፣ 33.75። ድምሩ 149.5 ግራም ነው። ይህ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ የሚበላ ኮስቲክ ነው። እኛ ግን ጥቂት ዘይት ሳይበላ እንዲቀር እንፈልጋለን፤ ለቆዳ ልስላሴም፣ ለስህተት መጠባበቂያም። ስለዚህ በ0.95 አባዙት። 142 ይመጣል።

ውሃው የኮስቲኩ እጥፍ ገደማ ይሁን። ከኮስቲኩ ክብደት ካነሰ አይሟሟም።

በይርጋለም መስመር አቮካዶ እንደ ልብ ነው፤ ዘይቱን ያገኘ ሰው በሱፉ ቦታ ያስገባው። ፍሬውን ፈጭታችሁ ግን «ዘይት ነው» ብላችሁ አትቁጠሩት። አብዛኛው ውሃ ነው።

ደረጃ 5፦ የኮስቲክ ውሃ

1. ውሃውን በጆጉ መዝኑ።
2. ኮስቲኩን በደረቅ ፕላስቲክ ዕቃ ለብቻው መዝኑ። የሚዛኑን ባትሪ ቀድማችሁ እዩ፤ ሲደክም ቁጥሩ ይዋልላል። ሁለት ጊዜ መዝኑ።
3. ግቢ ውጡ። ነፋሱ ከጀርባችሁ ይምጣ።
4. ኮስቲኩን ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ጨምሩ። ውሃውን ወደ ኮስቲኩ በጭራሽ አታፍስሱ፤ ፈልቶ ይረጫል። ለማስታወስ፦ ውሃ ይጠብቃል፣ ኮስቲክ ይመጣል።
5. እየጨመራችሁ አማስሉ። ካቆማችሁ ከሥር ድንጋይ ሆኖ ይጋገራል።
6. እንፋሎቱን አትማጉት። ፊታችሁን አዙሩ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ያልፋል።

ድብልቁ በራሱ ከ80 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። አትደንግጡ። መጀመሪያ ነጭ ይሆናል፤ ቆይቶ ይጠራል። ሰው የማይነካው ቦታ ይቀዝቀዝ፤ ሐዋሳ በበጋ ሲሆን አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ቶሎ እንዲበርድ ጆጉን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙት።

ከሥር ከተጋገረባችሁ በማንኪያ አትውቁት። ጆጉን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙና በዝግታ አማስሉ፤ ይሟሟል።

ደረጃ 6፦ ሙቀቱን ማገናኘት

ሞራውንና ኮኮናቱን በዝግታ እሳት አቅልጡ። ሲቀልጥ አውርዱና ፈሳሹን ዘይት ጨምሩ። አሁን ሁለቱ፣ ዘይቱና የኮስቲኩ ውሃ፣ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ መሆን አለባቸው። ሞራ የሌለበት ከሆነ 40 ይበቃል። እኩል ካልሆኑ ችግር የለውም፤ የ5 ዲግሪ ልዩነት አይጎዳም።

ሞራ ያለበትን ከ40 በታች ካወረዳችሁት ቅባቱ በራሱ ይረጋና ሳሙና የሆነ ይመስላል። አልሆነም። ሻጋታ ውስጥ ይለያያል።

ደረጃ 7፦ መቀላቀል

የኮስቲኩን ውሃ በቀጭኑ ወደ ዘይቱ አፍስሱ። ብሌንደሩን ከከተታችሁ በኋላ ነው ማስነሣት፤ ካስነሣችሁ በኋላ መክተት ይረጫል። 20 ሰከንድ ምቱ፣ አጥፉ፣ በብሌንደሩ ራስ እንደ ማንኪያ አማስሉ፣ እንደገና ምቱ። ያለማቋረጥ የሚመታ ሰው ብሌንደሩን ያቃጥላል፤ ሳሙናውም ድንገት ይጠጥርበታል።

መቼ ይበቃል? ድብልቁ ቀጭን አጥሚት ሲመስል። ማንኪያውን አንሥታችሁ ስታንጠባጥቡ ጠብታው ላዩ ላይ መስመር ሠርቶ ለአፍታ ይቆያል። ቶሎ ካልሰመጠ ደርሷል። ገንፎ እስኪሆን ከጠበቃችሁ አልፏችኋል፤ ሻጋታው ውስጥ ክፍተት እየተወ ይገባል።

መብራት ከሄደባችሁ ሳሙናው አልተበላሸም። በእጅ አማስሉ። ፈጣን መሆን የለበትም፤ አለማቋረጥ ነው ቁም ነገሩ። ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ አንዳንዴም ያልፋል። ሲደክማችሁ አምስት ደቂቃ አሳርፉትና ቀጥሉ። ጓንታችሁን ያደረገ ሰው ይተካችሁ። ድብልቁ ከቀዘቀዘ ድስቱን ሞቅ ያለ ውሃ ላይ አስቀምጡ። እኔ ብሌንደር ከመግዛቴ በፊት የሠራሁት ሁሉ እንዲህ ነው። ክንድ ያሳምማል እንጂ ይረጋል።

ደረጃ 8፦ ሽታና ተጨማሪ

መጀመሪያ ጊዜ ምንም አትጨምሩ። እውነቴን ነው። ንጹሑ ሳሙና ሲሳካላችሁ ከዚያ ተጫወቱበት።

የምትጨምሩ ከሆነ የሰውነት ሽቶ አታፍስሱበት። ውስጡ ያለው አልኮል ድብልቁን በሰከንዶች ውስጥ ድርቅ ያደርገዋል። የሚፈለገው የተክል ዘይት ነው፤ የባሕር ዛፍ ወይም የጠጅ ሣር የመሳሰለው። ለ1 ኪሎ ዘይት ከ20 ግራም አይብለጥ። መዓዛማ ተክል የሚወድ ሰው ወንዶ ገነት ቅርቡ ነው፤ እዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በእነዚህ ተክሎች ላይ ይሠራል።

የሎሚ ጭማቂ ኮስቲኩን ይበላዋል፤ ልኬታችሁን ያፈርሳል። ማር ድብልቁን ያግለዋል፤ በሞቃት ቀን ከሻጋታው ገንፍሎ ይወጣል። ማር የግድ ካላችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ፤ ሻጋታውንም አትሸፍኑት። እርድ ቢጫ ቀለም ይሰጣል። የቡና አተላ ይፈትጋል፤ ለእግር ጥሩ ነው፣ ለፊት አይሆንም።

እንዶድ እንጨምር የሚሉም አሉ። እንዶድ ራሱ ያጥባል እንጂ ሳሙና አያደርግም። ዓይን ይቆጠቁጣል። ለዓሣ ደግሞ መርዝ ነው፤ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች እጣቢውን የት እንደምንደፋ ማሰብ አለብን።

ደረጃ 9፦ ሻጋታ ውስጥ

አፍስሱ። የአየር ክፍተት እንዲወጣ ሻጋታውን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ አድርጉ። በላስቲክ ሸፍኑና በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉት። በጣም ሞቃት ቀን ከሆነ ጋቢው አያስፈልግም። መሃሉ ጠቆር ብሎ እንደ ሙጫ ቢመስል አትፍሩ፤ ሙቀቱ ነው፤ ሲበርድ ይጠፋል። እየነፋ ከተሰነጠቀ ግን ግለጡትና ነፋስ ያግኘው።

ዕቃውን ሁሉ ጓንት አድርጋችሁ እጠቡ። ያልታጠበው ቅባት ገና ኮስቲክ ነው። በወረቀት ጠራርጋችሁ ከዚያ በሙቅ ውሃ እጠቡት።

ደረጃ 10፦ መቁረጥና ማድረቅ

ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይታችሁ በጓንት ጣታችሁ ተጫኑት። እንደ ጠጣር አይብ ከሆነ ቁረጡት። ቢላው ላይ ከተለጠፈ አንድ ቀን ጨምሩ። ከጠበቃችሁት በላይ ደግሞ ይፈረፈራል። ከዚህ ልኬት 100 ግራም የሚመዝኑ 14 ገደማ ይወጣሉ።

አሁን ነው ትዕግሥት የሚያልቀው። ሳሙናው ሳሙና ሆኗል፤ ግን ውሃ ሞልቶታል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚያገኘው ቦታ፣ ሳይነካኩ ደርድሩት። በየሳምንቱ ገልብጡት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ውጩ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። በክረምት ሁለት ሳምንት ጨምሩ። አንዱን ሳሙና ምልክት አድርጉበትና በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። በጎረቤት ልመና ቶሎ የተሰጠ ሳሙና በሳምንት ያልቅና «አይበረክትም» የሚል ስም ያተርፍላችኋል።

ለፍተሻ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ እርጥብ ጣታችሁን ሳሙናው ላይ አሻሹና አረፋውን በምላሳችሁ ጫፍ ብቻ ንኩ። ሳሙና ሳሙና ካላችሁ ደህና ነው። እንደ ባትሪ ከነከሳችሁ ኮስቲክ ተርፎበታል፤ አፋችሁን ተጉመጥመጡና ቀጣዩን ክፍል እዩ።

ሲበላሽ

አልወፍር አለ። ኮስቲኩ አርጅቷል፣ ወይም ሙቀቱ ወርዷል፣ ወይም ውሃው በዝቷል። ሞቅ ባለ ውሃ ላይ አስቀምጣችሁ አንድ ሰዓት አማስሉ። ካልሆነ ምን ያህል እንደመዘናችሁ ከማስታወሻችሁ ተመልከቱ። ማስታወሻ አልያዝኩም የሚል ሰው የሚታገዝበት መንገድ የለም። ስለዚህ ስትመዝኑ እዚያው ጻፉ።

ሻጋታ ውስጥ ዘይትና ውሃ ተለያየ። ልኬቱ ልክ ከነበረ ይድናል። ጓንት አድርጋችሁ ፈሳሹንም ጠጣሩንም ወደ የማይዝግ ድስት መልሱ። ድስቱን ሌላ ውሃ የፈላበት ድስት ላይ አስቀምጡ። በዝግታ እያማሰላችሁ አንድ ሰዓት ያህል አብስሉት። መጀመሪያ ይቆራረጣል፣ ቀጥሎ ገንፎ ይመስላል፣ በመጨረሻ ዳር ዳሩ እንደ ቫዝሊን ይጠራል። ያኔ ሻጋታ ውስጥ ጠቅጥቁት። መልኩ አያምርም፤ ያጥባል።

ኮስቲክ በዛ። ምን ያህል እንደበዛ ካወቃችሁ ማስላት ነው። ለምሳሌ በ142 ፈንታ 160 ግራም ጨምራችሁ ከሆነ ትርፉ 18 ነው። 18ን ለ0.135 አካፍሉ፣ ውጤቱን ደግሞ ለ0.95። 140 ግራም የሱፍ ዘይት ይመጣል። ይህን ጨምራችሁ ከላይ እንደነገርኳችሁ አብስሉት። ትርፉን የማታውቁት ከሆነ ለገላ አይሆንም። የጎረቤቴ ልጅ ሳፋ እዚህ ላይ ነው የቀረው። በሲኒ የተለካ ነገር ወደ ኋላ አይቆጠርም።

ላዩ ነጭ ዱቄት ለበሰ። ከአየር ጋር ተገናኝቶ ነው፤ አይጎዳም። በቢላ ፋቁት። በሚቀጥለው ጊዜ ስታፈሱ ላዩን በላስቲክ አልብሱት።

ተፈረፈረ። ወይ ኮስቲኩ በዝቷል ወይ ዘግይታችሁ ቆርጣችኋል። በምላስ ፈትኑት። ካልነከሰ ፍርፋሪውን ከሳሙናው ክብደት አንድ አስረኛ ውሃ ጋር አብስላችሁ ዳግም ጠቅጥቁት።

ሲቆረጥ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ቀዳዳ አለው። ያ ፈሳሽ ኮስቲክ ሊሆን ይችላል። በባዶ እጅ አትንኩት። ሁሉንም መልሳችሁ አብስሉ።

በክረምት ላቡ ይንጠባጠባል። ሳሙናው ውስጥ ያለው ግሊሰሪን እርጥበት ስቦ ነው። ጥረጉትና አየር ወደሚያገኝ ቦታ ውሰዱት።

ከወራት በኋላ ብርቱካናማ ነጠብጣብ አወጣ፣ ያረጀ ዘይትም ሸተተ። ዘይቱ ከመጀመሪያውም የቆየ ነበር፣ ወይም ፈሳሽ ዘይት አብዝታችኋል። ለልብስና ለወለል ይሆናል። ሲቀመጥ ግን ከሌሎቹ ለዩት፤ በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ዘይቱን ከመግዛታችሁ በፊት አሽቱት።